አቃቂን ለማየት፦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የአንድ ቀን ጉዞ

አዲስ አበባን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ወዴት እንደሚወሰድ ማንም ያውቀዋል። እንጦጦ ይወጣል፤ በብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ያያል፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ይሳለማል፤ መርካቶ ገብቶ ይወጣል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድነት ፓርክ ታክሎለታል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሳሪስ በታች ያለ ቦታ አይገኝም። ወደ አቃቂ ቃሊቲ የሚወርድ ሰው ጉዳይ ያለው ሰው ነው፤ ወይ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ከጉምሩክ ዕቃ የሚያወጣ ነው፣ ወይ ከመናኸሪያው ወደ አዳማ የሚሳፈር መንገደኛ ነው። «ቃሊቲ ወረደ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ለብዙዎቻችን አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ታሰረ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ ለማየት ብቻ ወደ አቃቂ ወርጄ ያሳለፍሁትን አንድ ቀን ይመለከታል። በጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ብቻዬን፣ አንዲት የማስታወሻ ደብተር ይዤ ወጣሁ። በደብተሬ ላይ ሦስት ነገሮች ሰፍረው ነበር፤ የአሮጌው ምድር ባቡር መስመር፣ የፋብሪካዎቹ ሰፈር እና የአባ ሳሙኤል ውኃ። ከሦስቱ አንዱን በግማሽ፣ አንዱን ከአጥር ውጭ፣ አንዱን ደግሞ ካሰብሁት በእጅጉ በተለየ መልክ አየሁ። ይሁንና ያልታየው ነገር ለምን እንዳልታየ መመርመሩ ከታየው ያላነሰ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

የጣቢያዎቹ ስሞች

ጉዞዬን የጀመርሁት ከለገሃር ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራው የምድር ባቡር ጣቢያና በፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከከተማዋ ታዋቂ ምልክቶች መካከል ናቸው። የዚህ መስመር ታሪክ ሲነገር ጅቡቲ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ይጠራሉ፤ አቃቂ ግን እምብዛም አትነሣም። የባቡሩ ፈቃድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ሽኩቻ ተጓትቶ፣ በ1915 ከአዲስ አበባ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአቃቂ ደረሰ። ወደ ዋና ከተማዋ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1917 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የመስመሩ ጫፍ አቃቂ ነበረች፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ከባቡር ወርዶ በአጋሰስና በሰው ጀርባ ወደ መዲናዋ የሚጓዘው ከዚያ ተነሥቶ ነበር።

ዛሬ ከለገሃር ወደ ደቡብ የሚወስደው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ነው። በመስኮቱ በኩል ለሚመለከት ብቸኛ መንገደኛ ከሕንፃዎቹ ይልቅ የጣቢያዎቹ ስም ያወራዋል። ጠመንጃ ያዥ የቀድሞ ሹመት ስም ነው። ንፋስ ስልክ ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ የወጣ ስም ነው። አደይ አበባ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የክር ፋብሪካውን ነው። ከዚያ ሳሪስ፣ አቦ፣ በመጨረሻም ቃሊቲ ይመጣል። ቤተ መንግሥቱን ከኋላ ትቶ የሚወርድ ሰው፣ ከተማዋ እንዴት ዘመናዊ እንደሆነች የሚናገር አንድ መዝገብ በተራ ያነባል፤ የመዝገቡ ጽሑፍ ስም ብቻ መሆኑ ግን ያሳዝናል። በየትኛውም ጣቢያ ላይ ስሙ ከምን እንደመጣ የሚገልጽ አንድ መስመር አላየሁም።

ከሐዲዱ አጠገብ

ከቃሊቲ በሚኒባስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ስንወርድ መንገዱን ከባድ መኪናዎች ሞልተውት ነበር። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በዚህ በኩል ያልፋል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጅቡቲ ባቡርም በዚሁ ደቡባዊ ዳርቻ ያልፋል፤ መንገደኛ የሚሳፈረው ግን ከለቡ ነው። ሁሉም መንገድ በአቃቂ አካባቢ ያልፋል፤ የሚያልፈው ሰው የሚቆምበት ምክንያት ግን ከአሮጌው ባቡር ጋር አብሮ የቀረ ይመስላል።

የአሮጌውን ሐዲድ አቅጣጫ ጠይቄ ስደርስ ያገኘሁት በቤቶች መካከል የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ ነበር። ብረቱ አንዳንድ ቦታ ከአፈር በላይ ይታያል፤ አንዳንድ ቦታ ደብዛው ጠፍቷል። ቆሜ በደብተሬ ላይ ስጽፍ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ አድርገው የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱኝ ቆይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከክፍለ ከተማ ነህ?»

«አይደለሁም፣ እናቴ። የድሮውን ሐዲድ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«አይተህ ምን ልታደርገው?»

«እንዲሁ ለማየት ነው።»

«እንዲሁ አይቶ የሄደ ሰው እኔ አላውቅም» አሉ። «መጀመሪያ በደብተር የያዘ ይመጣል፤ ቀጥሎ ቀለም የያዘ ይመጣል።»

ቀለም ያሉት በሚፈርስ ቤት ግድግዳ ላይ የሚደረገውን ምልክት ነው። በዚያች ቅጽበት የጉብኝቴ ጠባይ ተለወጠ። እንጦጦ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚጽፍ ሰው ቱሪስት ነው፤ እዚህ ግን ያው ሰው፣ ያው ደብተር፣ የመነሣት ማስታወቂያ ተደርጎ ይታያል። ስለ ቅርስ ስንጽፍ «መመልከት» የሚለውን ቃል ማንንም የማይነካ ንጹሕ ተግባር አድርገን እንጠቀምበታለን። ስትታይ በኖረችና መታየቷ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ባስከተለባት መንደር ውስጥ ግን ቃሉ እንዲህ ንጹሕ አይደለም።

ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትሁት በኋላ ወሬያችን ለዘበ። እናታቸው ከባቡሩ መስኮት ሥር ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይሸጡ እንደነበር ነገሩኝ። ባቡሩ ሲነፋ መደቡ ሁሉ ይነሣል፤ ሲሄድ ተመልሶ ይዘረጋል። የቤታቸውን ደፍ አሳዩኝ፤ የሐዲዱ አግዳሚ ብረት ነበር፤ እግር ሲረግጠው ኖሮ እንደ መስታወት አብርቷል። በደብተሬ የያዝሁት ዕቅድ ስለ ጣቢያ ሕንፃና ስለ ሐዲድ ስፋት የሚናገር ነበር። ያ ሁሉ በግማሽ ቀረ፤ የደፉ ብረት ግን ከዚያ ቀን ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የባቡሩን ታሪክ የሚናገር ሆነብኝ።

ከአጥሩ ውጭ

አቃቂ የኢትዮጵያ የሠራተኛ መደብ ከበቀለባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ከአካባቢው ፋብሪካዎች ይልቁን የሚታወቀው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በህንዱ የቢርላ ቤተሰብ ተሳትፎ የተቋቋመ ሲሆን፣ የህንድ ባለ ሀብቶች ከአገራቸው ውጭ ካቋቋሟቸው ቀደምት የጋራ ኢንዱስትሪዎች አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. እንደ ሌሎቹ ትላልቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሰ። አቡጀዲው በየገጠሩ ገበያ ደርሷል፤ የአቃቂን ስም ሰምቶ የማያውቅ ገበሬም አቡጀዲ ለብሷል፣ በአቡጀዲም ተገንዟል። ኋላም የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎቹ ሰፈሩን ሞልተውታል።

ከእነዚህ ከአንዱ በር ላይ ቆሜ ለመግባት ጠየቅሁ። የትኛው እንደሆነ መናገሩ ለጉዳያችን አይጠቅምም፤ በሌላውም በር ላይ መልሱ ያው ሊሆን ይችል ነበር። ጥበቃው ትሑት ሰው ነበር፤ መታወቂያዬን ተቀብሎ በጥሞና ካነበበ በኋላ መለሰልኝ።

«ወንድሜ፣ የሥራ ጉዳይ ከሆነ ሰኞ ና። ለማየት ከሆነ ግን እዚህ ምን የሚታይ አለ?»

ጥያቄው ስድብ አልነበረም፤ ከልቡ የጠየቀው ነው። እኔም በበሩ ላይ ቆሜ አጥጋቢ መልስ ልሰጠው አልቻልሁም። የፋብሪካ ግቢ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን መጠየቅም ተገቢ አይደለም፤ ማሽን አለ፣ አደጋ አለ፣ ንብረት አለ። ይሁን እንጂ አንድ ጥበቃ በየቀኑ የሚጠብቀው ቦታ የሚታይ ነገር እንዳለው አለመነገሩ የእርሱ ጉድለት አይደለም። እኛ በታሪክና በቅርስ ጥናት ያለን ሰዎች ነግረነው አናውቅም።

ከበሩ ፊት ለፊት ባለች የሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ጡረተኛ ተቀምጠው ነበር። «ጋሼ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ያውቃሉ?» ስላቸው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «ጮክ በል፣ ልጄ» አሉኝ። በሽመና ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በሦስት ፈረቃ ሠርተዋል። የመስማት ችሎታቸውን የወሰደባቸው የሽመና ማሽኖቹ ድምፅ ነው። ይህን የነገሩኝ በምሬት አልነበረም፤ ሌላ ሰው የትውልድ መንደሩን እንደሚናገር ነበር የተናገሩት።

«እዚያ ክፍል ውስጥ አፍ ሥራ የለውም» አሉ። «የምንግባባው በእጅ ነበር።»

ከዚያም ሳልጠይቃቸው ያሳዩኝ ጀመር። ሁለት ጣት አጋጥመው ለያዩ፤ ክር ተበጠሰ ማለት ነው። ጡጫቸውን ጨብጠው አዞሩ፤ መካኒክ ጥራልኝ። ትከሻቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ አለቃ መጣ። አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ አሹ፤ ደመወዝ። ቀጥለው ያሳዩኝን አንዱን ምልክት ትርጉሙን ሊነግሩኝ አልፈቀዱም፤ ብቻቸውን ሳቁ። በበረንዳው ላይ የነበሩ ወጣቶች ስልካቸውን ትተው ይመለከቱ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ የልጅ ልጃቸው ነበር፤ ይህን ቋንቋ ከዚያ ቀን በፊት አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ።

በአጥሩ ውስጥ ገብቼ ቢሆን ማሽን አይ ነበር። ማሽን በፎቶግራፍም፣ በካታሎግም ይገኛል። ይህ የእጅ ቋንቋ ግን ያለው በጥቂት ሰዎች ጣቶች ላይ ነው፤ እነርሱም በዕድሜ የገፉ ናቸው።

አባ ሳሙኤል

ከሰዓት በኋላ ወደ አባ ሳሙኤል በባጃጅ ሄድሁ። ሾፌሩ ዋጋ ከተስማማን በኋላ «ሽታውን ትችለዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ሲወርዱ የሚገናኙት በዚህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈሳሉ። ግድቡ ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ አቅሙም 6.6 ሜጋዋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዘመን ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ፣ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ሥራ ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት አቅም ሲመረቅ የተሰማን ደስታ የሁላችን ነበር። የዚያ ታሪክ አንዱ መነሻ ግን ከዋና ከተማዋ እምብዛም ሳይርቅ፣ ማንም ሳይጎበኘው ተቀምጧል።

ግድቡን ያየሁት ከሩቅ ነው። ውኃውን ለማየት ግን ቅርበት አያስፈልግም ነበር፤ አብዛኛው የሚታየው ገጽ በእምቦጭ ተሸፍኗል። ጣናን የወረረው አረም ስሙ ከመግነኑ አስቀድሞ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ኖሯል። ከሰው መጸዳጃ፣ ከቆዳ ፋብሪካና ከጋራዥ የሚወርደው ፍሳሽ ለአረሙ ማዳበሪያ ይሆነዋል። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ውኃውን በፓምፕ እየሳቡ ያጠጣሉ፤ በአትክልቱ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በወንዙ ያለው ከባድ ብረት ወደ ቅጠሉ እንደሚገባ በተደጋጋሚ አሳይተዋል። አትክልቱ የሚሸጠው ደግሞ ወንዙን ለበከለችው ከተማ ነው። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፍተኛው ድርሻ የሚቀዳው ከዚሁ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። በቃሊቲ የተስፋፋው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ለማጣራት የታቀደ ቢሆንም፣ ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘ ቤት ሁሉ ፍሳሹን ለወንዙ ያወርሳል። ከተማዋ ንጹሑን ከአቃቂ ትወስዳለች፤ ያደፈውንም ወደ አቃቂ ትመልሳለች።

ይህ ሆኖ ሳለ፣ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረጋማ ሥፍራ ለአዕዋፍ ካላቸው ጠቀሜታ የተነሣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡ የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ነው። በበጋ ወራት ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ምድር ክረምቱን የሚሸሹ፣ ረጅም አንገትና እግር ያላቸው ዐመድማ ክሬኖች እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ድረስ ይመጣሉ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ የሾፌሩ ትዕግሥት ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ከታጨደው የጤፍ ማሳ ላይ ብዙ ሆነው ተነሡ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ የጥሩምባ ድምፅ ይመስላል። በጎችን ይነዳ የነበረ ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም፤ እኔ የምደነቅበት ለእርሱ የየዕለት ነገር ነው። ሽታው አልጠፋም፤ ወፎቹም አልጠፉም። አንዱን ለማየት ሌላውን መርሳት የሚፈቅድ ቦታ አይደለም።

የሥራ ቦታ እንደ ቅርስ

ከዚህ ቀን ምን ይወሰዳል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከቤተ መንግሥት ጋር አያቆራኘውም። የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ ወይም ኪነ ጥበባዊ ጉልህ ዋጋ ያለውን ሁሉ፣ የሚዳሰስም ሆነ የማይዳሰስ፣ ያቅፋል። በሕጉ ፊት የአቡጀዲ ሸማኔው የእጅ ቋንቋ ከግንብ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ያነሰው በእኛ አመለካከት ነው።

ኢትዮጵያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ያስመዘገበቻቸው ሥፍራዎች 12 ሲሆኑ፣ አንዱም የዘመናዊ ኢንዱስትሪ ቦታ አይደለም። እንግሊዝ የአይረንብሪጅን ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ጀርመን የዞልፈራይንን የድንጋይ ከሰል ማዕድን በ2001 በዚሁ መዝገብ አስፍረዋል። ወደ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ2024 የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ የሚገኘው አቃቂ በሚፈስበት በዚያው የአዋሽ ተፋሰስ ነው። በዚያ የምናከብረው የጥንት ሰው ድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ የሠራባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም የሥራ ቦታዎችን ነው። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት የተሠራበት ቦታ ቅርስ ከሆነ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት የተሠራበት ቦታ ተራ ብረታ ብረት የሚሆንበትን ምክንያት ማስረዳት የሚገባን እኛ ነን።

ሽንኩርት ሻጯ እናት ያስተማሩኝ ግን ይህን ክርክር እስከ ዳር እንዳልወስደው ያስገድደኛል። አንድን ሰፈር «ቅርስ» ብሎ መሰየም ራሱ ደብተር ይዞ መምጣት ነው። የሐዲዱ መስመር እንዲጠበቅ ሲባል በሐዲዱ ላይ ኑሮ የመሠረተው ሰው የሚነሣ ከሆነ፣ የተጠበቀው የባቡሩ ታሪክ ሳይሆን ብረቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይገባል፤ ከሕንፃው በፊት ምስክርነቱ፣ ከካርታው በፊት ነዋሪው።

ይህ ሥራ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች አብዛኞቹ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ርእስ የሚመርጡ ወይም የሚያማክሩ ናቸው። የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የሶሺዮሎጂና የምሕንድስና ተማሪ አንድ ላይ ሆነው ከጡረተኞች ጋር ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የሽመና ክፍሉን የእጅ ምልክት በቪዲዮ መቅረጽ፣ የፈረቃውን ሥርዓት መመዝገብ፣ በየቤቱ ደፍና አጥር ላይ ያለውን የሐዲድ ብረት ባለቤቱ ሲፈቅድ ማስፈር ይቻላል። የተቀረጸው ነገር አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለነዋሪዎቹ ልጆች መሰጠት አለበት። አስቸኳይነቱም ግልጽ ነው፤ ሕንፃ ሲፈርስ ፎቶግራፉ ሊቀር ይችላል፤ ያልተቀረጸ የእጅ ቋንቋ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የፋብሪካው ጥበቃ የጠየቀኝ ጥያቄ በዚህ መንገድ መልስ እስኪያገኝ ድረስ በሩ ላይ የሚቆም እንግዳ ሁሉ እንደ እኔ ዝም ብሎ ይመለሳል።